በዜድ80 አሰምብሊ ስትሪንግ ማያያዝ፦ ከ61,800 ምት ወደ 5,700

ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ ዜድ80 በሚባል ፕሮሰሰር የሚሠራው የቆየ የቤት ኮምፒውተር፣ ስክሪኑን በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ያህል ያድሳል። ከአንዱ እድሳት እስከ ቀጣዩ ድረስ ፕሮሰሰሩ እጅ ላይ ያለው 69,888 የሰዓት ምት (ፕሮሰሰሩ ሥራውን የሚለካበት ትንሿ የጊዜ መለኪያ) ነው። እያንዳንዳቸው 30 ባይት የሆኑ አሥር ስትሪንጎችን (ተከታታይ ፊደላት የያዙ ጽሑፎችን) አብዛኛው ሰው መጀመሪያ በሚመጣለት መንገድ ብታያይዟቸው 61,800 ምት ይበላሉ። ለአንዲት የጽሑፍ መስመር ሲባል የፍሬሙ (የአንዱ እድሳት) ጊዜ ተሟጠጠ ማለት ነው፤ ለጨዋታው፣ ለድምፁ፣ ለኪቦርዱ የሚተርፈው ከቁጥር አይገባም። ያንኑ ሥራ በ5,700 ምት መጨረስ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ አሳያችኋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። አሰምብሊ (የፕሮሰሰሩ ትእዛዞች አንድ በአንድ የሚጻፉበት ቋንቋ) የሚጀምር ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ፈጣኑ ትእዛዝ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። እዚህ ከምንቆጥበው 56,100 ምት ውስጥ ከአርባ ስምንት ሺህ በላይ የሚሆነው ግን ፈጣን ትእዛዝ በመምረጥ አይደለም የሚገኘው፤ ከነጭራሹ መሠራት የሌለበትን ሥራ በመተው ነው። ስለዚህ የደረጃዎቹን ቅደም ተከተል አትለውጡ። ደረጃ 5 ላይ ያለው ብልሃት ያምራል፣ ደረጃ 2ን ያልሠራ ሰው እጅ ላይ ግን ትርጉም የለውም።

ዜድ80ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ፌደሪኮ ፋጂን ከኢንቴል ወጥቶ ካቋቋሙት አንዱ በሆነበት በዚሎግ ኩባንያ ተሠርቶ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ባለ8 ቢት ፕሮሰሰር ነው። ካሽ (በቅርብ የሚቀመጥ ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) የለውም፤ ሉፑ (የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ወዴት እንደሚዞር ቀድሞ አይገምትም። እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚፈጀው ምት በማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፣ የተጻፈውም ነገ ከነገ ወዲያም ያው ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ የፕሮግራማችሁን ፍጥነት ሳታስኬዱት ማወቅ ትችላላችሁ። ይህን በዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ላይ ማድረግ እጅግ ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው ቆጠራን ለመማር ከዜድ80 የተሻለ የማላውቀው። ዚሎግ ነጠላውን ቺፕ ማምረት እንደሚያቆም በ2024 ቢያስታውቅም፣ የተሸጡት መሣሪያዎች ዛሬም በሰው እጅ ናቸው። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ለሒሳብ ክፍል የሚይዙት ቲአይ-84 ፕላስ ካልኩሌተር ውስጥ ያለው በ15 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ዜድ80 ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፉ። የትእዛዞቹንና የሬጅስተሮቹን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማስቀመጫዎች) ስም እንደ ድምፃቸው በፊደላችን እጽፋለሁ፤ አሰምብለራችሁ ላይ ስትከትቡ በላቲን ፊደል መልሷቸው። «ኤልዲ» መጫኛው ትእዛዝ ነው፣ «ኤልዲአይ» አንድ ባይት ገልባጩ፣ «ኤልዲአይአር» ደግሞ ያንኑ እየደጋገመ የሚገለብጠው። «ኢንክ» አንድ ይጨምራል፣ «ዴክ» አንድ ይቀንሳል፣ «ጄአር» እና «ጄፒ» ወደ ሌላ መስመር ይዘላሉ፣ «ሬት» ከንዑስ ፕሮግራሙ ይመለሳል፣ «ኦር ኤ» ደግሞ ኤ የሚባለው ባለ አንድ ባይት ሬጅስተር ዜሮ መሆኑን ይፈትሻል፤ «ዜድ» ከተጨመረ ትእዛዙ የሚሠራው ውጤቱ ዜሮ ሲሆን፣ «ኤንዜድ» ከሆነ ዜሮ ሳይሆን ሲቀር ነው። ኤችኤል የሚነበበውን ስትሪንግ ይጠቁማል፣ ዲኢ የሚጻፍበትን ቦታ፣ ቢሲ ርዝመቱን። በየመስመሩ ዳር ያለው ቁጥር ምቱ ነው። ንዑስ ፕሮግራም መጥራትና መመለስ (17 እና 10 ምት) እንዲሁም ከሉፑ በፊት ያለች ጥቂት ዝግጅት በሁሉም ደረጃ ተመሳሳይ ስለሆኑ ከሒሳቡ ትቻቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ የዋሁን ኮድ ጽፋችሁ ቁጠሩት

ስትሪንጎቹ በዜሮ ባይት የሚያልቁ ናቸው እንበል። የተለመደው አሠራር፣ መድረሻውን ከመነሻው ጀምሮ እያሰሱ ዜሮው ያለበትን ማግኘት፣ ከዚያ አዲሱን ስትሪንግ እዚያ ላይ መገልበጥ ነው።

ፈልግ፦
  ኤልዲ ኤ፣(ዲኢ)    7
  ኦር ኤ         4
  ጄአር ዜድ፣ቅዳ    7 (ሲዘል 12)
  ኢንክ ዲኢ       6
  ጄአር ፈልግ      12

ቅዳ፦
  ኤልዲ ኤ፣(ኤችኤል)   7
  ኤልዲ (ዲኢ)፣ኤ    7
  ኢንክ ኤችኤል      6
  ኢንክ ዲኢ       6
  ኦር ኤ         4
  ጄአር ኤንዜድ፣ቅዳ   12 (ሳይዘል 7)

ፍለጋው በባይት 36 ምት፣ ቅጂው በባይት 42 ምት ነው። አሁን አሥሩን ስትሪንጎች አያይዙ። የመጀመሪያው ሲገባ መድረሻው ባዶ ነው፣ ሁለተኛው ሲገባ 30 ባይት ማለፍ አለበት፣ ሦስተኛው 60፣ አሥረኛው 270። ሲደመር 1,350 ባይት ይታለፋል። 1,350 በ36 ሲባዛ 48,600፤ አሥሩን ጊዜ ዜሮውን ሲያገኝ የሚያወጣው 230 ሲጨመር 48,830። ቅጂው ደግሞ 300 ባይትና አሥር ዜሮዎች ነው፤ 12,970 ምት። ድምሩ 61,800።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተገለበጠው 300 ባይት ነው፣ የታለፈው ግን 1,350። ሥራ ብለን የጀመርነው መገልበጡን ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ጊዜውን ያጠፋው ግን ቀድሞ የሚያውቀውን ቦታ ደግሞ ደጋግሞ በመፈለግ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ መጨረሻውን አትፈልጉ፣ ያዙት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲፒአይአር የምትባለውን የፍለጋ ትእዛዝ ያነሳል። እውነት ነው፣ ትሻላለች፤ በባይት 21 ምት ናት። ፍለጋውን ከ48,830 ወደ 28,510 ታወርደዋለች። ግን አሁንም የማያስፈልግ ፍለጋ ነው፣ የፈጠነ ብቻ።

የታክሲ ሰልፍ አስቡ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ከሰልፉ ራስ ጀምሮ እየቆጠረ ወደ ጭራው ቢሄድ ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ጉዞው ይረዝማል። የመጨረሻው ሰው እጁን አንስቶ ቢጠብቅ ግን አዲስ የመጣው በቀጥታ ከኋላው ይቆማል። ዲኢ ያ እጁን ያነሳ ሰው ነው። የቅጂው ሉፕ ሲያበቃ ዲኢ ከዜሮው አንድ ባይት አልፎ ቆሟል፤ አንዲት «ዴክ ዲኢ» ብቻ በ6 ምት ዜሮው ላይ ትመልሰዋለች። ቀጣዩ ስትሪንግ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ «ፈልግ» የሚለውን ክፍል በሙሉ ሰርዙት፤ ዲኢን ደግሞ በሁለት ጥሪ መካከል ማንም እንዳይነካው አድርጉ። ለሌላ ሥራ ሬጅስተሩ የግድ ካስፈለጋችሁ በ11 ምት ስታክ (ጊዜያዊ መደራረቢያ ሜሞሪ) ላይ አስቀምጡት፣ በ10 ምት መልሱት፤ 21 ምት 1,350 ባይት ከማሰስ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ያለን 13,030 ምት ነው። አንዲት ብልህ ትእዛዝ ሳንጠቀም፣ ኮድ ሳንጨምር፣ ከአራት አምስተኛው የሚጠጋው ቀረ።

ደረጃ 3፦ በዜሮ የሚያልቅ ስትሪንግ የግድ ከሆነባችሁ

የስትሪንጎቹን ቅርጽ ሌላ ሰው ወስኖላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ከሲ ቋንቋ ኮድ ጋር የምትሠሩ ከሆነ በዜሮ ማለቃቸው አይቀርም። ለዚያ የሚሆን አንድ የምወደው ብልሃት አለ። ኤልዲአይ ከኤችኤል ወደ ዲኢ አንድ ባይት ገልብጣ፣ ሁለቱንም ጠቋሚዎች በአንድ ጨምራ፣ ቢሲን በአንድ ትቀንሳለች፤ ይህን ሁሉ በ16 ምት። የዜሮ ፍላግን (ያለፈው ውጤት ዜሮ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት) ግን አትነካም። ስለዚህ ፍተሻውን ከቅጂው በፊት አድርገን ውጤቱን ከቅጂው በኋላ መጠቀም እንችላለን፦

  ኤክስኦር ኤ      4
ቅዳ፦
  ሲፒ (ኤችኤል)     7
  ኤልዲአይ       16
  ጄፒ ኤንዜድ፣ቅዳ   10

ኤ ውስጥ ዜሮ ተቀምጧል፣ የሚነበበው ባይት ከእሱ ጋር ይነጻጸራል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ ይወሰናል። ሒሳቡ በባይት 33 ምት ነው፤ 42 የነበረው ማለት ነው። ሦስቱን መስመሮች ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ ጽፋችሁ በየመሐሉ «ሬት ዜድ» ብታስገቡ፣ እሷ ሳትመለስ ስትቀር 5 ምት ብቻ ስለምትወስድ በባይት ወደ 28 ይወርዳል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቢሲ ውስጥ የነበረው ነገር ይበላሻል፤ የምትፈልጉት ከሆነ አስቀምጡት። ከጄአር ይልቅ ጄፒን የመረጥኩትም ጄፒ ሁልጊዜ 10 ምት ስለሆነ ነው፤ ጄአር ስትዘል 12 ናት፣ በአንድ ባይት ብታጥርም።

ይህ ቅርጽ አንድ አደጋ አለው። ስትሪንግን ከራሱ ጋር ልታያይዙ ብትሞክሩ፣ የመጀመሪያው የተገለበጠ ባይት የሚያርፈው ዜሮው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ማቆሚያው ተደመሰሰ፤ ሉፑ የሚያሳድደውን ጭራ ራሱ ወደ ፊት እየገፋው ሜሞሪውን ሁሉ ይሞላዋል። ቅርጹን መምረጥ የእናንተ ከሆነ ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ደረጃ 4፦ ርዝመቱን ከፊት ጻፉት

እያንዳንዱ ስትሪንግ የመጀመሪያ ባይቱ ላይ ርዝመቱን ይያዝ። ከዚያ እያንዳንዱን ባይት «ዜሮ ነህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቀርና ኤልዲአይአር ሥራውን በባይት በ21 ምት ትጨርሰዋለች፤ የመጨረሻው ባይት 16 ምት ነው።

አክል፦
  ኤልዲ ኤ፣(ኤችኤል)   7
  ኢንክ ኤችኤል      6
  ኦር ኤ         4
  ሬት ዜድ        5
  ኤልዲ ሲ፣ኤ      4
  ኤልዲአይአር
  ሬት

ለ30 ባይት ቅጂው 625 ምት፣ መግቢያው 26 ምት። ለአሥሩ 6,510። ኤልዲአይአር ስታበቃ ዲኢ ቀጣዩ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ «ዴክ ዲኢ» እንኳ አያስፈልግም። ቢሲም ዜሮ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ቢ ውስጥ ዜሮ የምትጭኑት ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት አንዴ ብቻ ነው።

«ሬት ዜድ» የምትለውን መስመር ማንም እንዳያስቀራችሁ። ራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም አያይዞ የሚያትም ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። 5 ምት ለመቆጠብ ስል ፍተሻውን አወጣሁት፤ ስም የሌለው ሰው የለም ብዬ። ለሳምንታት ምንም አልሆነ። አንድ ቀን የአያት ስሙ ባዶ የተተወ መዝገብ ገባና ማሽኑ ቀጥ አለ። ምክንያቱም ኤልዲአይአር መጀመሪያ ገልብጣ፣ ከዚያ ቢሲን ቀንሳ፣ ከዚያ ነው ዜሮ መሆኑን የምታየው። ቢሲ ዜሮ ሆኖ ከገባ ሲቀነስ 65,535 ይሆናል፤ ዜሮ ባይት ያላችሁት ቅጂ 65,536 ባይት ሆነ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ትእዛዟ በእያንዳንዱ ባይት ራሷን ከሜሞሪ እንደገና ታነባለች፤ ቅጂው የፕሮግራሙ ኮድ ጋ ሲደርስ ራሷን ይጽፍባታል። ስህተቱን ፍለጋ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ስለ አማርኛ ጽሑፍ እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ) ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው። በዩኒኮድ ዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ላሉት ፊደላት የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191። ዜሮ በመካከላቸው የለም፤ ስለዚህ በዜሮ የሚያልቀው ቅርጽም ከአማርኛ ጋር ይስማማል። በዩቲኤፍ-16 ካስቀመጣችሁ ግን ሌላ ነው። «ሀ» በሄክሳዴሲማል 1200 ናት፣ «ጀ» ደግሞ 1300። ሁለቱም ከሁለት ባይታቸው አንዱ ዜሮ ነው። በዜሮ የሚያልቅ ኮድ «ሀገር» የሚለውን ቃል ገና ከመጀመሪያ ፊደሉ ሳያልፍ አለቀ ብሎ ይተወዋል። ርዝመትን ከፊት የሚይዘው ቅርጽ ይህ ችግር የለበትም። ገደቡ ሌላ ነው፤ አንድ ባይት የሚቆጥረው እስከ 255 ስለሆነ በአንድ ስትሪንግ 85 የአማርኛ ፊደል ይገባል። የተያያዘው ውጤት ከዚያ ሊረዝም ስለሚችል የመድረሻውን ርዝመት በሁለት ባይት ያዙት፤ መጨረሻ ላይ አንዴ ዲኢን ከመነሻው አድራሻ ጋር አቀናንሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ኤልዲአይአርን ዘርጓት

ኤልዲአይአር ለምን 21 ምት ሆነች? ሁለቱን የትእዛዝ ባይቶች ማንበብ 8፣ ከኤችኤል ማንበብ 3፣ ወደ ዲኢ መጻፍ ከነጠቋሚው ሥራ 5፤ ይህ 16 ነው። የቀረው 5፣ ገና ስላላለቀ የፕሮግራም ጠቋሚውን ሁለት ባይት ወደ ኋላ መመለሻ ነው። ኤልዲአይን ደጋግመን ብንጽፋት ያ 5 ይቀራል። አሥራ ስድስት ጊዜ ደርድረን መጨረሻው ላይ «ጄፒ ፒኢ» እናስገባ፤ ኤልዲአይ ቢሲ ዜሮ እስኪሆን ድረስ የፓሪቲ ፍላግን አብርታ ስለምትቆይ ዙሩ በራሱ ይቆጠራል። በባይት ከ17 ምት በታች ነው።

ችግሩ ርዝመቱ የ16 ብዜት ሳይሆን ሲቀር ነው። መፍትሔው ድርድሩ መሐል ዘሎ መግባት ነው። ከላይ ባለው ኮድ ውስጥ ኤልዲአይአርን በዚህ ተኩ፤ ርዝመቱ ኤ ውስጥም አለ፦

  ኔግ         8
  ኤንድ 15       7
  አድ ኤ፣ኤ       4
  ኤልዲ (ዝለል+1)፣ኤ  13
ዝለል፦
  ጄአር ግባ       12
ግባ፦
  ኤልዲአይ (16 ጊዜ ይደገም)
  ጄፒ ፒኢ፣ግባ     10
  ሬት

በ30 ባይት እንየው። የ30 ተቃራኒ በ15 ሲጣራ 2 ይሰጣል። እያንዳንዷ ኤልዲአይ ሁለት ባይት ስለሆነች በእጥፍ 4 ሆነ፤ ዝላዩ አራት ባይት አልፎ ሦስተኛዋ ኤልዲአይ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያው ዙር 14 ባይት ተገለበጠ፣ ቢሲ 16 ቀረው፣ ሁለተኛው ዙር 16ቱን ጨረሰ። ዝግጅቱ 44፣ ቅጂው 480፣ ሁለቱ ዙሮች 20፤ ድምር 544። ከመግቢያው 26 ጋር 570፣ ለአሥሩ 5,700።

ይህ ኮድ ራሱን እያሻሻለ የሚሄድ ኮድ ነው፤ የጄአርን የርቀት ባይት በየጥሪው ይቀይራል። ዜድ80 ካሽ ስለሌለው የተጻፈው ወዲያው ይሠራል። ኮዱ ሮም ወይም ፍላሽ ላይ (ኮዱ ሲሠራ የማይጻፍበት ሜሞሪ) ከተቀመጠ ግን አይሆንም። እዚያ ኤልዲአይአርን ተጠቀሙ፤ ልዩነቱ በአሥር ስትሪንግ 810 ምት ነው፣ ለእሱ ሲባል ሌላ ውስብስብ መንገድ መፈለግ አያዋጣም።

መዘርጋት መቼ ያዋጣል? ዝግጅቱ 44 ምት ስለሆነ አጭር ስትሪንግ ይከስርበታል። 3 ባይት በኤልዲአይአር 58 ምት ሲሆን በዚህ 102 ነው። 11 ባይት 226 በ230፤ አሁንም ኤልዲአይአር ትቀድማለች። 12 ባይት ላይ 247 በ246 ይሆንና ሚዛኑ ይገለበጣል። ለአማርኛ ጽሑፍ ይህ ማለት አራት ፊደል ነው። «ሰላም» 9 ባይት ነው፣ ኤልዲአይአር ይሻለዋል፤ «ኢትዮጵያ» 15 ባይት ነው፣ 310 የነበረው 294 ይሆንለታል። «ርዝመቱ ከ12 ካነሰ ወደዚህ፣ ከበለጠ ወደዚያ» የሚል ፍተሻ ኮዱ ውስጥ አታስገቡ፤ ፍተሻው ራሱ 14 ምት ስለሚፈጅ ከትርፉ ይበላል። ስትሪንጎቻችሁ ባብዛኛው ምን ያህል እንደሆኑ እናንተ ታውቃላችሁ፣ አንዱን ምረጡ።

ስታክን ለመገልበጫነት የሚጠቀም ከዚህም የፈጠነ መንገድ አለ፤ ሁለት ሁለት ባይት በፖፕ እያነሱ በፑሽ መጣል። ለስክሪን ምስል ድንቅ ነው። ለስትሪንግ አልመክረውም፤ ርዝመቱ ጎዶሎ ሲሆን ያስቸግራል፣ ኢንተራፕትም (ሥራን መሐል ላይ የሚያቋርጠው ጥሪ) ካልተዘጋ መረጃው ላይ የመመለሻ አድራሻ ይጻፍበታል።

ደረጃ 6፦ መድረሻው እንዳይፈስ

እስካሁን በፈሩ (ውጤቱ የሚጻፍበት ሜሞሪ) ይበቃል ብለን ነው የሄድነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፍተሻው ከቅጂው በፊት መሆን አለበት። «ጣሪያ» የሚለው ቦታ ከበፈሩ ማብቂያ ቀጥሎ ያለውን አድራሻ ይይዛል። «ኤልዲ ሲ፣ኤ» ከሚለው መስመር በኋላ ይህን አስገቡ፦

  ፑሽ ኤችኤል      11
  ኤልዲ ኤችኤል፣(ጣሪያ)  16
  ኦር ኤ         4
  ኤስቢሲ ኤችኤል፣ዲኢ   15
  ኤስቢሲ ኤችኤል፣ቢሲ   15
  ፖፕ ኤችኤል      10
  ጄአር ሲ፣ሞላ      7

ከሁለተኛው ቅነሳ በፊት ካሪን (ተቀናሹ ሲበልጥ የሚበራውን ፍላግ) ማጽዳት አላስፈለገም፤ ዲኢ ጣሪያውን እስካላለፈ ድረስ የመጀመሪያው ቅነሳ አጽድቶት ይወጣል። ሒሳቡ 78 ምት ነው። ለአሥር ስትሪንግ 780፤ በደረጃ 5 ያገኘነውን 810 ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ፍተሻውን ማስቀረት ግን መልስ አይደለም። መልሱ እንደ ደረጃ 2 ነው፦ አሥር ጊዜ የሚደረገውን አንዴ አድርጉት። ማያያዝ ከመጀመራችሁ በፊት የርዝመቶቹን ድምር፣ ወይም ሊሆን የሚችለውን ትልቁን ድምር ከቀረው ቦታ ጋር አንዴ አነጻጽሩ፤ ከዚያ አሥሩም ያለ ፍተሻ ይለፉ።

ቦታው ካልበቃስ? የሚገባውን ያህል አስገብቶ ቀሪውን መቁረጥ ትፈልጉ ይሆናል። እዚህ ላይ ለአማርኛ ስትሉ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ከሦስት ባይት አንዱ ላይ ከቆረጣችሁ መጨረሻው ላይ ፊደል ሳይሆን የተበላሸ ምልክት ይወጣል። ክፍት ቦታና ቁጥር አንድ አንድ ባይት ስለሆኑ ርዝመቱን ለሦስት ማካፈል አይሠራም። የቀረውን ቦታ ቢሲ ውስጥ አድርጋችሁ፣ የመጀመሪያውን የማይገባ ባይት ተመልከቱ። ተከታይ ባይት ከሆነ፣ ማለትም ከ128 እስከ 191 ካለ፣ አንድ ወደ ኋላ፦

ሞላ፦ (ቢሲ ውስጥ የቀረው ቦታ አለ)
  ፑሽ ኤችኤል
  አድ ኤችኤል፣ቢሲ
እይ፦
  ኤልዲ ኤ፣(ኤችኤል)
  ኤንድ 192
  ሲፒ 128
  ጄአር ኤንዜድ፣በቃ
  ዴክ ኤችኤል
  ዴክ ቢሲ
  ጄአር እይ
በቃ፦
  ፖፕ ኤችኤል

ለአማርኛ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው የሚመለሰው። ከዚህ ሲወጣ ቢሲ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ባይት ብቻ ቀርቶ ቀጣዩ ሙሉ ፊደል ከሆነ ዜሮ ይሆናል። ከመገልበጣችሁ በፊት እንደገና ፈትሹ፤ ከላይ የነገርኳችሁ የ65,536 ባይት ወጥመድ እዚህም አለ።

ደረጃ 7፦ ማሽናችሁን እወቁ

ቁጥሮቹ ሁሉ የንጹሕ ዜድ80 ናቸው። ስፔክትረም ላይ ከ16,384 እስከ 32,767 ያለው ሜሞሪ የቪዲዮ ቺፑ የሚጋራው ስለሆነ ስክሪን በሚሣልበት ሰዓት ፕሮሰሰሩን ያስጠብቀዋል። ኮዱንም ስትሪንጎቹንም በፈሩንም ከ32,768 በላይ አድርጉ። ኤምኤስኤክስ ላይ በእያንዳንዱ የትእዛዝ ንባብ አንድ ምት ስለሚጨመር ኤልዲአይ 18፣ ኤልዲአይአር 23 ይሆናሉ። አምስትራድ ሲፒሲ ላይ ምቱ ወደ አራት ብዜት ስለሚጠጋጋ 20 እና 24 ናቸው፤ መዘርጋት የሚያመጣው ትርፍ እዚያ ያንሳል።

ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ የሚለው አዲሱ ካልኩሌተር ደግሞ ኢዜድ80 ነው የያዘው። ትእዛዞቹን ይረዳል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው፤ ኤልዲአይአርን በየባይቱ እንደገና ስለማያነባት እሷ ከኤልዲአይ ድርድር ትፈጥናለች። ደረጃ 5 እዚያ ጎጂ ነው። ደረጃ 2 እና 4 ግን እንዳሉ ይሠራሉ።

ደረጃ 8፦ ለኩ፣ ከዚያ ፈትኑ

ስፔክትረም ላይ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን መለካት ይቻላል። በሃልት (ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ፍሬም እንዲጠብቅ በምታደርገው ትእዛዝ) ጀምራችሁ ትንሽ ማዘግያ አስገቡ፤ አለዚያ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ከስክሪኑ አናት በላይ ተደብቀው ይቀራሉ። ከዚያ ወደ ፖርት 254 ቁጥር 2 ላኩ፣ የስክሪኑ ጠርዝ ቀይ ይሆናል። ማያያዣውን ጥሩ። እንደተመለሰ 7 ላኩ፣ ጠርዙ ነጭ ይሆናል። ይህን በየፍሬሙ ደጋግሙት፤ ጠርዙ ላይ የረጋ ቀይ መቀነት ታያላችሁ። አንድ የስክሪን መስመር 224 ምት ነው። የደረጃ 5 ኮድ ወደ 25 መስመር የሚሆን ቀጭን መቀነት ይሠራል። የደረጃ 1ን ብታስኬዱት 276 መስመር ይሆናል፤ ፍሬሙ በሙሉ 312 መስመር ስለሆነ ቀይ ያልሆነ ቦታ ማግኘት ያዳግታችኋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ያስተምራል። የጥሪዎቹ ምት ስለሚጨመር መቀነቱ ከሒሳባችሁ በጥቂት መስመር ሊሰፋ ይችላል፤ በብዙ ከበለጠ ግን ሜሞሪው የት እንዳለ መርምሩ።

ኢሙሌተር የምትጠቀሙ ከሆነ አብዛኞቹ የምት ቆጣሪ አላቸው፤ ኮዱ መግቢያና መውጫ ላይ ማቆሚያ አድርጋችሁ ልዩነቱን አንብቡ።

ትክክለኛነቱን ለመፈተን ርዝመታቸው 0፣ 1፣ 15፣ 16፣ 17 እና 255 የሆኑ ስትሪንጎችን አያይዙ። 15፣ 16 እና 17 ድርድሩ ውስጥ ያለውን ዝላይ የሚያጋልጡ ናቸው፣ 0 ደግሞ የታወቀውን ወጥመድ። ከበፈሩ በፊትና በኋላ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ባይት 170 በሚል ቁጥር ሙሉና ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ አንብቧቸው። አንዱ እንኳ ከተቀየረ፣ ውጤቱ ስክሪን ላይ ትክክል ቢመስልም ኮዱ ከድንበሩ ወጥቷል፤ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።